ያልተሸጠው የሳክ ዘይት

ኤልቪና የመንግሥትን ድጋፍ ያገኘች ሰሞን፣ የአክስቷ ልጅ ዶሪን በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አስቁማት፣ "እንኳን ደስ አለሽ! የመንግሥት ሙሽራ ሆንሽ አሉ። ጥሎሹ ምን ምን መጣ?" አለቻት።

"ሁለት የብረት ገንዳና አንድ ምድጃ" አለች ኤልቪና። "ሙሽራው ግን ገና ፊቱን አላሳየኝም።"

ከቅዳሴ የወጣው ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በናስ ወንዝ ዳር ባለችው መንደራችን ኤልቪና "ሙሽራዋ" ተባለች። ያን ጊዜ ሃምሳዎቹን አጋምሳ ነበር።

በባሕሩ ጠረፍ ላይ የነበረው የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ እስኪዘጋ ድረስ ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያ ዓሣ ስትበልት ኖራለች። ፋብሪካው ሲዘጋ ባሏ ቼስተር በሰው ጀልባ ላይ ተቀጠረ፤ በአንድ የኅዳር ማዕበል ጀልባዋም እሱም ሳይመለሱ ቀሩ። ልጅ አልነበራቸውም። ኤልቪና ከተማ ወርዳ የሆቴል ክፍል ስታጸዳ ዓመታት አለፉ። "አልጋ ማንጠፍ አያሳፍርም" ትል ነበር፤ "ብቻ ከዚያ ሁሉ መስኮት በአንዱም ወንዙ አይታይም።"

ወደ አገሯ የመለሷት የአባቷ እህት እማማ ሃሪየት ናቸው። በበረዶው ወራት መጨረሻ፣ የጓዳው ደረቅ ዓሣ ሊያልቅ ሲል፣ ከባሕር ወደ ወንዛችን የምትወጣ ስንዝር የማትሞላ ብርማ ዓሣ አለች፤ ሳክ እንላታለን። በጾሙ መካከል ስለምትደርስ ቄሱ በየዓመቱ ስለ እሷ ሳይሰብኩ አያልፉም። እንድትብላላ ጥቂት ቀን ትቀመጥና በገንዳ ውኃ ውስጥ ቀስ ብላ ትሞቃለች፤ ዘይቷ ይንሳፈፋል፣ ይቀዳል፣ ይጠለላል። ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ነጭ ሆኖ ይረጋል። ሳል ለያዘው ልጅ ይሰጣል፤ ደረቅ ሳልመን ዓሣ በእሱ እየተጠቀሰ ይበላል። እሱ ያልቀረበበት ድግስ በእኛ ዘንድ ድግስ አይባልም።

እማማ ሃሪየት ኤልቪናን ከከተማ ጠርተው ከዳር እስከ ዳር አስተማሯት። ቁጣቸው እስከ ወንዙ ማዶ ይሰማ ነበር።

"ምን ሆነሽ ነው እንደ ገንፎ የምታማስይው? ሥሩ የተኛ ሕፃን አለ ብለሽ አስቢ!"

"እማማ፣ ሕፃኑ በዚህ ጩኸት እንዴት ይተኛል?"

"እኔ ልጩህ፤ አንቺ አትንኪው!"

የኤልቪና ቤተሰብ ዓሣ የሚያጠምድበትና ዘይት የሚያወጣበት የድሮ የዓሣ ሰፈር ከመንደሩ በታች ነበር፤ ጣሪያው በበረዶ ብዛት ወድቆ ምሰሶዎቹ ብቻ ቀርተው ነበር። መንግሥት ለነባር ሕዝቦች የንግድ ሥራ ድጋፍ እንደሚሰጥ የሰማችው በዚያ ጊዜ ነው። ማመልከቻውን ጽፋ ላከች፤ ተቀበሏት። ድጋፉ በሁለት ዙር የሚከፈል ነበር። የመጀመሪያው ገንዳ፣ ምድጃና መረብ ገዛ። ሁለተኛው ጣሪያና ግድግዳ የሚሠራበት ነው፤ እሱ ግን የሚለቀቀው በመጀመሪያው ወቅት ያመረተችውን ሸጣ ስታሳይ ነበር። የድጋፉ ሠራተኛ ጆስሊን ይህን ደጋግማ ነግራታለች። ጆስሊን ከሜዳው አገር የመጣች፣ ክሪ ከሚባለው ነባር ሕዝብ የተወለደች ልጅ ናት፤ ነገር አታድበሰብስም።

"ንግድ መሆኑ መታየት አለበት፤ ገዢ አለሽ?"

"አለኝ። ሃርቪ የሚባል የላይኛው አገር ሰው ሙሉውን እወስዳለሁ ብሎኛል።"

"እንግዲያው ምንም አትሆኚም።"

ለጊዜው ሸራ ወጠረች። ሸራ ደግሞ የእኛን በረዶ አንድ ወቅት እንኳ አይችልም። ሁለተኛው ዙር ከቀረ ሰፈሩ ይፈርሳል፣ ገንዳው ይዝጋል፣ እሷም ወደ ሆቴሉ ትመለሳለች። የሆቴሉ ኃላፊ ቦታዋን እስከ ሰኔ ድረስ እንደሚጠብቅላት ነግሯታል። መልካም ሰው ነው፤ ግን ያ መልካምነቱ እንቅልፍ ይነሳት ነበር።

ሳክ ልትገባ ጥቂት ቀን ሲቀራት እማማ ሃሪየት ታመሙ። በእኛ ዘንድ ሰው በእናቱ በኩል ተቆጥሮ በእንስሳ ወይም በወፍ ስም የሚጠራ ወገን አለው፤ የእሳቸው ወገን ተኩላ ይባላል፤ ወንዶቹም ሴቶቹም ተከትለዋቸው ሆስፒታል ወረዱ። ኤልቪና በእናቷ በኩል ንስር ስለሆነች፣ የአባቷ ወገን የሚባሉት እነዚህ ተኩላዎች ናቸው። እሷም ልትከተል ኮቷን ስትደርብ አሮጊቷ ገና ከቤት ሳይወጡ ከአልጋቸው ላይ ሆነው፣ "አንቺ የት ነው? ዓሣዋ መጥታ ሰው ታጣ እንዴ?" አሏት። ቀረች።

ዓሣዋ መጣች። ኤልቪናና የእህቷ ልጅ ድዌይን መረብ ጣሉ፣ አነደዱ፣ ቀዱ። ድዌይን ሠላሳ ዓመት ያለፈው ጎልማሳ ነው፤ ሥራ አይሰለቸውም፣ ወሬም አይሰለቸውም። ዘይቱ ጠርቶ ወጣ። የመጨረሻው ማሰሮ በተከደነ ማግስት እማማ ሃሪየት ማረፋቸው ተሰማ።

በእኛ አገር አስከሬን መንደር ሲገባ መረብ ከውኃ ይወጣል፣ መጋዝ ይቆማል፣ ሕፃናት እንኳ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ። ቀብሩ ዓርብ ሆነ፤ ከቀብሩ መልስ የተኩላዎቹ ድግስ አለ። ሃርቪ መኪናውን ይዞ የሚመጣው ቅዳሜ ነው። ተኩላዎቹ ግን ዓሣዋ ስትገባ ሆስፒታል ስለነበሩ አንድ ማንኪያ ዘይት አልነበራቸውም።

ዘይት አይለመንም። የጎደለበት ሰው ደረቁን ዓሣ ያቀርባል፣ እንግዳውም እንዳላየ ሆኖ ይበላል፤ ነገሩ ግን ለልጅ ልጅ ይወራል። ሐሙስ ጠዋት የተኩላዎቹ አለቃ አባባ ዊልፍሬድ ወደ ኤልቪና ቤት መጡ። ማሰሮዎቹ በግድግዳው ሥር ተደርድረው ነበር።

"በረዶው ዘንድሮ ቶሎ ቀለጠ" አሉ።

"አዎ፣ አባባ።"

"ጥሩ ነው። መንገዱ እንግዶቹን አያስቸግርም።"

ሻያቸውን ጠጥተው ሄዱ። ወደ ማሰሮዎቹ አንድ ጊዜ እንኳ አልዞሩም፤ ላለማየት ሲሉ አንገቱን እንደታመመ ሰው ቀጥ ብለው ነበር የተቀመጡት።

በሩ እንደተዘጋ ድዌይን፣ "አክስቴ፣ ፊትሽን አይቼዋለሁ። አታድርጊው" አላት።

"ምኑን?"

"ታውቂዋለሽ። እሺ፣ ግማሹን ስጪ፣ ግማሹን ለሃርቪ ሽጪ።"

"ከየትኛው ጠረጴዛ ላይ ልቀንስ? አንተ ምረጥልኝ።"

"ጣሪያውስ?"

ኤልቪና የሻይ ስኒዎቹን ሰበሰበች። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ቤተ ክርስቲያን ገብታ ቆየች። ምን ብላ እንደጸለየች ለማንም አልተናገረችም። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ እርምጃዋ ግን የቆረጠ ሰው እርምጃ ነበር። ለሃርቪ ደውላ እንዳይደክም ነገረችው። ሰውዬው በንግዱ ቢያዝንም በነገሩ አልተቆጣም፤ እሱም ወጉን የማያውቅ የሰው አገር ሰው አይደለም።

ዓርብ በአዳራሹ ውስጥ ሾርባው ከቀረበ በኋላ ማሰሮዎቹ በየጠረጴዛው ዞሩ። በድግሱ ላይ የሰጪዎችን ስም የሚጠራው ሰው ተነሥቶ፣ "ከንስር ወገን፣ ኤልቪና፣ ለአባቷ እህት፣ የአዲሱ ሰፈሯ የመጀመሪያ ዘይት!" ብሎ ጮኸ። አባባ ዊልፍሬድ ከመቀመጫቸው አልተነሡም፤ ኮፍያቸውን ብቻ አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

ዶሪን ከጎኗ ተጠግታ፣ "ጥሎሹን ለአገር አበላሽው፤ መንግሥት ይፈታሻል!" ብላ ልትስቅ ጀመረችና፣ ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነባት።

ከፋሲካ በኋላ ጆስሊን መጣች። ከመድረሷ በፊት ድዌይን የመጨረሻ ምክሩን ይዞ ቀርቦ ነበር።

"ለተኩላዎቹ ሸጥኩላቸው በያት። አባባ ዊልፍሬድ ይመሰክሩልሻል፤ ለአንቺ ብለው ምን አይሉም?"

"ድግስ ላይ በስሜ ተጠርቶ የተሰጠውን ሸጥኩት ልበል? ስሰጥ አገር ሰምቷል፣ የሰማዩም ጌታ ሰምቷል። ለጣሪያ ብዬ ሽማግሌ ላስዋሽ?"

ጆስሊን ገንዳውን አየች፣ ምድጃውን አየች፣ ሸራውን ቀና ብላ አየች።

"ስንት ሸጥሽ?"

"ምንም።"

ኤልቪና የሆነውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ ነገረቻት። ጆስሊን ብዕሯን አወጣችና መልሳ ከደነችው።

"አያቴም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምታደርገው" አለች። "ግን ሽያጭ ብዬ ልጽፈው አልችልም።"

"ጻፊው አላልኩሽም፣ ልጄ።"

ለራሷ ካስቀረቻት አንዲት ማሰሮ ልትሰጣት ስትል ጆስሊን ስጦታ መቀበል እንደተከለከለች ነገረቻት። "ምሳስ ተከልክሏል?" አለቻት ኤልቪና። እንዳልተከለከለ ተስማሙና አብረው በሉ።

ሁለተኛው ዙር ለዚያ ዓመት ቀረ። በሚመጣው ዓመት እንደገና ማመልከት ይቻላል ተባለ። በሚመጣው ዓመትና በዛሬ መካከል ግን በረዶ አለ። በሰኔ ወር ኤልቪና ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አወጣች። ለሆቴሉ ኃላፊ እመጣለሁ ብላ ነገረችው።

ልትሄድ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ጠዋት የጭነት መኪና ድምፅ ከቤቷ ወደ ታች፣ ወደ ዓሣው ሰፈር ሲወርድ ሰማች። ተከትላ ወረደች። መኪናው ላይ አዲስ የተሰነጠቀ የዝግባ ሳንቃ ተጭኗል፤ ሽታው ወንዙን ሞልቶታል። የተኩላዎቹ ወንዶች ሸራውን እያወረዱ ነበር። አባባ ዊልፍሬድ ጉቶ ላይ ተቀምጠው በበትራቸው ያዛሉ።

"አባባ፣ እኔ ምንም አልጠየቅሁም" አለቻቸው።

"እኛስ ጠይቀንሽ ነበር?"

ኤልቪና ቆማ ቀረች። ሽማግሌው በትራቸውን አንሥተው ወደ ምድጃው ጠቆሙ።

"ቆመሽ አትይን። ሰዎቹ ሻይ አልጠጡም።"

ሥራው እስከ እሑድ ዋዜማ ቆየ። ዶሪን ሾርባ እየቀቀለች አናጢዎቹን አንድ በአንድ ትሰድብ ነበር፤ "አንተ፣ ያቺን ሳንቃ አቅናት እንጂ! ጣሪያ ነው ወይስ የአንተ ጥርስ?" ሰውም እየሳቀ ሚስማሩን ይመታ ነበር። ሻንጣው ወደ አልጋው ሥር ተመለሰ። የሆቴሉ ኃላፊም ሲነገረው፣ "ደስ ብሎኛል" አለ ይባላል።

በሚቀጥለው ዓመት ኤልቪና እንደገና አመለከተች። ጆስሊን ሳንቃውንና ጉልበቱን ኅብረተሰቡ ያዋጣው ድርሻ ብላ አስገባችው፤ ይህ በደንቡ የሚፈቀድ ነበር። ሃርቪም ዘይቱን ወሰደ። ገንዘቡ ሲመጣ ድዌይን ቆርቆሮ እንዲገዛ ፈልጎ ነበር፤ እሷ ግን ማቀዝቀዣ ገዛች፣ የቀረውም ለእሱና ለሁለት ሴቶች ደመወዝ ሆነ። ያ ገንዘብ ባይመጣ ኖሮ እነዚያ ሦስት ሰዎች ዛሬ የት እንደሚሆኑ እግዚአብሔር ያውቃል። ሳንቃው ባይመጣም እንደዚሁ። እኔ ሁለቱንም አንድ እጅ እንደላካቸው አምናለሁ፤ አንደኛው ቶሎ ደረሰ፣ ሌላው ዘግይቶ ደረሰ።

ጆስሊን አሁንም በየዓመቱ ከፋሲካ በኋላ ትመጣለች። "ስንት ሸጥሽ?" ትላለች፤ ኤልቪና ትነግራታለች፤ ትጽፋለች። ከዚያ ብዕሯን ኪሷ ከትታ፣ "ስንትስ ሰጠሽ?" ትላለች። ይህን የምትጽፍበት ቦታ የላትም። ኤልቪና የየቤቱን ስም እየጠራች ትነግራታለች፤ ጆስሊንም ምሳው እስኪቀርብ ድረስ ከዝግባው ጣሪያ ሥር ተቀምጣ ታዳምጣለች።