ለሊያ ራስ ያልበቃው ቆብ

በኦክላንድ የሕዝብ መዋኛ ገንዳ የነፍስ አድን ሠራተኛ ሆኜ ሥራ በጀመርኩበት ዕለት፣ አለቃዬ ሚስስ ሃርፐር ፊሽካ፣ ቀይ ተንሳፋፊ ትራስና የፋሻ መቀስ የያዘ የወገብ ቦርሳ አስረከቡኝ። ቀጥለው ግድግዳው ላይ ያለ ቀይ ቁልፍ አሳዩኝ። “ይህ የገንዳውን ውኃ የሚስበውን ፓምፕ ያቆማል። እኔ ነክቼው አላውቅም፤ አንተም እንዳትነካው እመኝልሃለሁ” አሉኝ።

ሥራው ከሩቅ ሲታይ መቀመጥ ይመስላል። ጠዋት የውኃውን ክሎሪን እንለካለን፤ ፓምፑ ውኃ የሚስብባቸውን፣ የገንዳው ግድግዳ ላይ ያሉ የመምጠጫ ቀዳዳዎች ክዳን እናያለን። ከዚያ ከፍ ባለው ወንበር ላይ ተቀምጠን ዓይናችንን ከገንዳው ወለል እስከ ውኃው ገጽ እናመላልሳለን። ከተራ ሠራተኝነት ተነሥቼ የፈረቃ ኃላፊ የሆንኩት በዚሁ ትዕግሥት ነው።

ሊያን ያወቅኋት ኃላፊ ከሆንኩ በኋላ፣ በአንድ ሰመር፣ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት ነው። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ከሳን ሆዜ ወደ እኛ ሰፈር እንደተዛወሩ እናቷ ለዋና ትምህርት ይዘዋት መጡ።

“ጋሽ ታደሰ፣ አደራዎን” አሉኝ። “እዚያ ትምህርት ቤት ፀጉሯን እየጎተቱ እንደ ስፕሪንግ ይለቁት ነበር። እዚህ እንኳ ጓደኛ ታግኝ ብዬ ነው።”

ፀጉሯ ጥቅልልና ጥቅጥቅ ያለ፣ በአራቱም አቅጣጫ የቆመ ነበር። ደንባችን ዋናተኛ ሁሉ ፀጉሩን በቆብ ይሸፍን ይላል፤ መጋዘን ያለን የላስቲክ ቆብ ግን አንድ መጠን ብቻ ነው። ሊያ በሁለት እጇ ጎትታ ስታጠልቀው ለአፍታ አናቷ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ተፈናጥሮ ውኃው ላይ ያርፋል። አብረዋት የሚማሩት ልጆች ይህን መጠበቅ ጀመሩ። ቆቡን ባነሣች ቁጥር “ስሪ! ቱ! ዋን!” ብለው በአንድ ድምፅ ይቆጥራሉ፤ ሲፈናጠር ያጨበጭባሉ።

ኤደን የምትባል፣ ቤተሰቧ በዲቪ ከመጡ ዓመት ያልሞላቸው ልጅ ነበረች። ሹሩባ ስለምትሠራ ቆቡ ልኳ ነው። “አንቺ ቆብ ሳይሆን ድንኳን ነው የሚያስፈልግሽ!” አለቻት። ሌሎቹ አማርኛው ባይገባቸውም አብረው ሳቁ። ሊያ ግን ገብቷታል። “ሻት አፕ፣ ኤደን” ብላ ጠለቀች።

ለሚስስ ሃርፐር ትልቅ ቆብ እንዲታዘዝ አመለከትኩ።

“ታደሰ፣ ቆብ የሚመጣው በአንድ መጠን ነው። ካልበቃት ፀጉሯን በላስቲክ ትሰረው” አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሊያ ያለ ቆብ፣ ፀጉሯን በላስቲክ አስራ ትገባ ጀመር። ጥልቅ ወደ ሆነው ጥግ ትሄድና ግድግዳውን ተጠግታ፣ ትንፋሿን ይዛ ከውኃው ሥር ትቆያለች። ትንፋሽ አያያዟ አስደነቀኝ፤ “ይህች ልጅ ጠላቂ ይወጣታል” ብዬ ለአለቃዬ አወራሁ።

“ሊያ፣ ጎበዝ! ማን አስተማረሽ?” ስላት “ኖባዲ” አለችኝ፤ ቀና ብላ አላየችኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበሬ ላይ ሳለሁ ኤደን እየሮጠች መጣች።

“ጋሼ! ሊያ አልወጣችም!”

“ትንፋሿን ይዛ ነው” አልኳት።

“አይደለም ጋሼ! እኛ እስክንሄድ ነው እዛ የምትደበቀው። ሄደናል እኮ!”

ፊሽካዬን ነፍቼ ዘለልኩ። በጠዋቱ ፍተሻ ደኅና የመሰለው ክዳን አንዱ ብሎን ወልቆ ተከፍቷል፤ ቀዳዳው የሊያን ፀጉር ከነላስቲኩ ስቦ ይዞታል። ጎተትኳት፤ አልመጣችም። ብቅ ብዬ “ፓምፑ!” ስል ሚስስ ሃርፐር ሮጠው ቀዩን ቁልፍ መቱት። መምጠጡ ቆመ፤ ፀጉሩ ግን ክዳኑ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ተመልሼ ጠለቅሁና በፋሻው መቀስ ከሥሩ ቆርጬ አወጣኋት።

በጎኗ አስተኛናት። አሳላት፤ ውኃ ተፋች፤ ተነፈሰች። ፊሽካውን ሰምተው የተመለሱት ልጆች ዙሪያዋን ከበው ቆመዋል። ዓይኗን እንደገለጠች የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል “አር ዘይ ላፊንግ?” የሚል ነበር፤ እየሳቁ ነው ወይ ማለቷ ነው። ከውኃው ሥር ካየሁት ይልቅ ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ያስደነግጠኛል።

ኤደን አጠገቧ ተንበረከከች። “ማንም አልሳቀም፤ እናቴ ትሙት፣ ማንም አልሳቀም” አለቻት።

ገንዳው ተዘግቶ ክዳኖቹ በሙሉ ተለወጡ። ሚስስ ሃርፐር አንድ ጠዋት ወንበሬ ሥር መጥተው፣ ወደ ውኃው እያዩ፣ “ያኔ የጠየቅኸው ቆብ ምን ያህል ስፋት ነበረው?” አሉኝ። ነገርኳቸው። ቆቡ አንድ ካርቶን ሙሉ መጣ።

ሊያ ሰመሩ ሳያልቅ ተመለሰች። ፀጉሯ በአንድ ወገን አጥሯል፤ በሌላው እንደ ድሮው ቆሟል። አዲሱን ቆብ ስታነሣ አንድ ልጅ ከልማድ “ስሪ…” ብሎ ጀመረ። ኤደን ዞር ብላ ስታየው አፉን ዘጋ። ቆቡ ገባላት፤ አልተፈናጠረም። ሊያ በእጇ ዳሰስ አድርጋ አረጋገጠችና መካከለኛው መስመር ላይ ገብታ ዋኘች።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለአዲስ ሠራተኞች ከመቀሱና ከቀዩ ቁልፍ ጋር የተለያየ መጠን ያላቸውን ቆቦች አስረክብ ነበር። ልክ የሆነ ቆብ የነፍስ አድን ዕቃ ነው። ከውኃ ሥር የሚቆይ ልጅ ስናይም፣ ትንፋሹን ከማድነቃችን በፊት ከላይ ማን ሊስቅበት እንደቆመ ማየት አለብን።