በሃምሳው የጾምኩት ጾም

ባለፈው ወር ለርዕሰ መምህራን ሥልጠና ሱሉልታ ሄጄ ነበር። ቤቴ ቡራዩ ስለሆነ ተመላልሼ መሠልጠን እችል ነበር፤ የጠዋቱን የታክሲ ሰልፍ ሳስበው ግን እዚያው ማደሩን መረጥኩ። ማረፊያው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ የተሠራ አዲስ ቤት ነው። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ የምሞላው ቅጽ ሰጠችኝ። ስም፣ ስልክ፣ የመታወቂያ ቁጥር እያልኩ ወረድኩና የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። «የማይስማማዎት ምግብ ካለ ይጥቀሱ» ይላል።

መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ስንት ሆቴልና ስንት ዘመድ ቤት ሳድር ይህን አስቀድሞ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ያውም ሱሉልታ ላይ!

ከሕፃንነቴ ጀምሮ ወተት አይስማማኝም። አይስማማኝም ስል ሆዴን ይነፋኛል ማለቴ አይደለም። ወተትም ሆነ ቅቤ ወይም አይብ ትንሽ ከቀመስኩ ከንፈሬ ያብጣል፣ ገላዬ ሽፍ ይላል፣ ጉሮሮዬ ይዘጋል። ሰበታ እናቴ ቤት ድስቴም ማማሰያዬም ለብቻቸው ነበሩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ በመምህርነት ተመረቅኩና የምደባ ዕጣ ሳወጣ ሱሉልታ ደረሰኝ። በዚያን ጊዜ የሱሉልታ ሰው የሚኖረው በላሞቹ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የጎጃም መንገድ ዳር በወተት ቢዶን ይሞላል። ከአገሩ ሁሉ ለይቶ ወተት ላይ ጣለኝ ብዬ አለቀስኩ። ከሰበታ መመላለስ ደግሞ የማይታሰብ ነው፤ በሦስት መኪና ከተማውን አቋርጦ እንጦጦን ማለፍ አለ።

ቤት ፍለጋ ጀመርኩ። የመጀመሪያዋን አከራይ እውነቱን ነገርኳት፤ ወተት ከቀመስኩ ትንፋሽ ያጥረኛል አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። «የሳንባ ነው እንዴ?» አለችኝ። አይደለም ብዬ ሳልጨርስ «ልጆች አሉኝ እኮ፣ እህቴ» ብላ በሩን መለሰችው። ሁለተኛው ቤት ኩሽናው የጋራ ነው፤ ከድስት እስከ ጭልፋ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ባለቤቱ ነገሩን ሲሰሙ ወተት የማይጠጣ ሰው ምን በልቶ አደገ ብለው ሳቁብኝ። አንዲት ባልደረባዬ ቤት መሬት ላይ እየተኛሁ በሙዝና በደረቅ እንጀራ ሳምንት ከረምኩ።

ሦስተኛው የአዴ ብርቄ ቤት ነበር። አዴ ብርቄ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው አግብተው የወጡላቸው፣ አራት ላሞች ያሏቸው ሴት ናቸው። «ክፍሉ ያውልሽ፤ ገበታው ግን አንድ ነው። ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል» አሉኝ። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር። እኔም እውነቱን ተናግሬ ሁለት በር እንደተዘጋብኝ አሰብኩና «እኔ እንኳ ጾመኛ ነኝ» አልኳቸው። ደስ አላቸው፤ በዚያው ቀን ገባሁ።

በአገራችን ያመኛል ብላችሁ ምግብ ብትመልሱ ትንሽ ብቻ ቅመሱ ትባላላችሁ። ጾም ነኝ ካላችሁ ግን ማንም አያስገድዳችሁም። ሰው ሁሉ ፋሲካን ቀን እየቆጠረ ሲጠብቅ እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ሁዳዴ እንዳያልቅ እጸልይ ነበር። በኑግ ዘይት የተሠራ ሽሮ፣ ጎመን፣ የሱፍ ፍትፍት እየበላሁ አማረብኝ። አዴ ብርቄ ማታ ማታ ኦሮምኛ ያስተምሩኛል፣ ስሳሳት ጉልበታቸውን እየመቱ ይስቃሉ። እንደዚያ ቤት የተመቸኝ ቤት ከእናቴ ቤት ሌላ አላውቅም።

ፋሲካን ሰበታ ውዬ በማግስቱ ተመለስኩ። አዴ ብርቄ አዲስ የታለበ ወተት በትልቅ ኩባያ ይዘው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«ስለት አለብኝ፤ ለማርያም ተስያለሁ» አልኩ።

«በሃምሳው?» አሉ ደንግጠው። «እስከ መቼ ነው?»

«እስከ ፍልሰታ።»

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ እንደማይጾም ልጅ ሁሉ ያውቃል። አዴ ብርቄ ሲመሽ ነጠላቸውን አጣፍተው የንስሐ አባታቸው ዘንድ መሄዳቸውን አይቻለሁ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ስል ከትኩስ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። «ወተት አልገባበትም?» አልኩ።

«በውሃ ነው ያቦካሁት፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «በሞቴ፣ ብይ።»

በላሁ። ገና በሁለተኛው ጉርሻ ከንፈሬን በላኝ፣ ከዚያ ምላሴ ወፈረ። ቦርሳዬን ጥዬ ደጁ ላይ ተቀመጥኩ፤ አየሩ እያለ አልገባ አለኝ። «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» እያሉ ጮኹ። ወተት የሚያመላልሰው ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ መኪናውን አስነሥቶ ነበርና አንሥቶ ከኋላ ጫነኝ። ጤና ጣቢያ የደረስኩት በቢዶኖቹ መሐል አዴ ብርቄ ጭን ላይ ተኝቼ ነው። እንደምሞት እርግጠኛ ነበርኩ፤ ያሳዘነችኝ እናቴ ነበረች።

ነርሷ መርፌ ወጋችኝ። ትንፋሼ ቀስ በቀስ ሲመለስ የአዴ ብርቄን ድምፅ ሰማሁ። «ወተት ነው ያበላኋት! የንስሐ አባቴ በሃምሳው ጾም የለም ሲሉኝ፣ ልጅቱ ሰውነቷ እንዳያልቅ ብዬ ዳቦው ላይ ወተት ጨመርኩ። ስለቷን አስፈታኋት! እመቤቴ ተቆጣችኝ!» እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ።

ነርሷ ወደ እኔ ዞራ «ድሮም ወተት እንዲህ ያደርግሽ ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ።

አዴ ብርቄ በሩን ይዘው ቆመዋል። አዎ ብል በማርያም ስም መዋሸቴ ሊወጣ ነው። መምህርቷ ውሸታም ናት ሊባል ነው፣ ቤቱንም ላጣ ነው። «የለም፤ ዛሬ ገና ነው» አልኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ እጄን አልለቀቁኝም። «መኪናው ላይ ስትቀዘቅዢብኝ ለእመቤቴ ተሳልኩ» አሉኝ። «ልጅቱን አትርፊልኝ እንጂ እስክሞት ወተት በአፌ አይዞርም አልኳት። ይኸው አተረፈችልኝ!»

ዝም አልኩ። እስከ ሰኔ፣ ትምህርት እስኪዘጋ ድረስ፣ ዝም አልኩ። ድሮ አልበው ሲነሡ የመጀመሪያውን ኩባያ እዚያው ላሟ አጠገብ ቆመው ይጠጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጣታቸውን የነካውን እንኳ በቀሚሳቸው ይጠርጋሉ። ስለት መስሏቸው ምግቤን ይለዩልኝ ጀመር፣ ድስትም ገዙልኝ። ከወተት የሚጠብቀኝ የእኔው ውሸት ነው፤ ዋጋውን የሚከፍሉት እሳቸው።

ወደ ቡራዩ ስዛወር መንገድ ድረስ ሸኙኝ። «አዴ ብርቄ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር» አልኳቸው። ረዳቱ ግቢ ግቢ ብሎ ይጮሃል። «ስትመጪ ትነግሪኛለሽ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ቡራዩና ሱሉልታ ምን ያህል ይራራቃሉ? ይኸው አልሄድኩም። አፍሬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ከብዙ ዓመት በኋላ አዲሱ ገበያ ታክሲ ስጠብቅ ከኦቦ ገመቹ ጋር ተገናኘን። አዴ ብርቄ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል አለኝ። በመጨረሻው ሕመማቸው እህል አልወርድ ብሏቸው ሐኪሙ ወተት አዞላቸው ነበር። ልጆቻቸው ቢለምኑ፣ ቄሱ ቢፈቱላቸው፣ እሳቸው ኩባያውን በእጃቸው ገፉት። «ይሄ የመምህርቷ ነው» ይሉ ነበር አለኝ።

እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረችው ልጅ እስክሪብቶው አልጽፍ ያለኝ መስሏት ሌላ አቀበለችኝ። መስመሩ ላይ «ወተት» ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ ቅጹን ወደ ራሷ አዙራ አነበበችውና ቀና አለች።

«ለኩሽና ሠራተኞቹ እንድነግር ነው፣ እማማ» አለችኝ። «ድሮም እንዲህ ያደርግዎታል ወይስ በቅርቡ የጀመረ ነው?»

«ድሮም ነው» አልኳት። «ከሕፃንነቴ ጀምሮ። አውቅ ነበር።»