የአባቴ ድቡልቡል ፊደላት

የለስላሳ ቆርኪ መሬት ላይ ወድቆ ባየሁ ቁጥር የቀለም ማቅጠኛው የአኳራጅ ሽታ አፍንጫዬን ይሞላዋል። ልጅ እያለሁ አባቴ አሶሳ ውስጥ ታፔላ ጻፊ ነበር። ከወሎ በሰፈራ መጥቶ እርሻው አልሆንለት ሲል ነው ብሩሽ ያነሳው። የሌሎቹ ጻፊዎች ፊደል እግሩ ሹል፣ አንገቱ ቀጭን ነበር። የእሱ ግን ከላይ እስከ ታች እኩል ይወፍራል፤ ጫፉን ሁሉ በቆርኪ እየለካ ያድበለብለዋል። "ሹል ፊደል ደንበኛ ያባርራል" ሲል እየሰማን ነው ያደግነው።

ጭማቂ ቤቱ፣ ኬክ ቤቱ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ፣ ሁሉም በእሱ እጅ ተጻፉ። ጎረቤታችን ሐዋ ገና ማንበብ ያልጀመረች የአገሬው የበርታ ሰዎች ልጅ ነበረች። ከተማውን አብረን ስንዞር ታፔላን በመልኩ ትለያለች፤ ድቡልቡል ካየች ውስጥ የሚጣፍጥ ነገር አለ ማለት ነው። ደግሞም ተሳስታ አታውቅም። እናቷ አንድ ቀን አባቴን፣ "ያንተ ፊደል ጥሩ ነው። ልጅ አይፈራም" አለችው። ያን ሰሞን እያፏጨ ሠራ።

ክረምት ሲገባ፣ ወርቅ ቆፋሪዎች ከሰፈራችን ጀርባ ትተውት የሄዱት ጉድጓድ ውሃ ሞላ። ቀበሌው "አደጋ አለ፣ አትግቡ" የሚል ታፔላ አዘዘ። አባቴም ቆርኪውን አውጥቶ እንደ ልማዱ አሳምሮ ጻፈው። ሲተከል ቆሜ አይቻለሁ። የውሃው ዝምታ ደስ አላለኝም፤ ፊደሉ ግን የጭማቂ ቤቱ ፊደል ነበር።

እኔ ወባ ይዞኝ በተኛሁበት ሰሞን ሐዋ ከታናሽ ወንድሟ ጋር በዚያ አለፈች። ወንድሟ ለቅሶው ቤት ተቀምጦ የነገረን የመጨረሻ ቃሏን ብቻ ነው፦ "ይሄ የጋሼ ፊደል ነው። ማንጎ አለ። አንተ እዚህ ጠብቅ።"

አባቴን አንድም ሰው አልወቀሰውም። የሐዋ አባት እንዲያውም "የአላህ ሥራ ነው" ብሎ እጁን ያዘው፤ ይኼ ከእርግማን ይልቅ ከበደው። በማግስቱ ቆርኪውን ጉድጓዱ ውስጥ ወርውሮ ታፔላውን ጫፉ እንደ እሾህ በሾለ ፊደል ደግሞ ጻፈው። ከዚያ ወዲህ ለኬክ ቤትም ቢሆን የሚጽፈው ሹል ሹሉን ሆነ። ደንበኞቹም ራሱ እንዳለው አንድ በአንድ ተባረሩ።

ዛሬ ብሩሽ የሚይዝ የለም፣ ፊደሉን የሚያወጣው ኮምፒውተር ነው። ባንኩም፣ ክሊኒኩም፣ የእጅ ስልኬም ድቡልቡል ፊደል ይዘዋል። ሰው ለስላሳ ነገር ይወዳል፣ አልፈርድበትም። እኔ ግን እፈራዋለሁ። በቀደም ለአዲስ ሕንፃ መሠረት የሚቆፈርበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሮ አየሁ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ከላዩ ማስጠንቀቂያው በዚያው መልክ፣ ክብ በክብ ሆኖ ተጽፏል። ገና ሀሁን ያልጨረሰችው ልጄ ወደ በሩ ጎተተችኝ።

"እማዬ፣ እዚህ ምን ይሸጣል?"