የተከደነው ጉድጓድ

ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ ውስጥ አንዲት ወጣት ሐኪም የደረቴን ራጅ ወደ መስኮቱ ይዛ፣ ቀኝ ሳንባዬ ላይ ያለች ነጭ ነጥብ አሳየችኝ። የሄድኩት ለመገጣጠሚያ ሕመሜ ነበር። የምታዝልኝ መርፌ የሰውነቴን ተከላካይ ሴሎች ስለሚያዳክም ቀድማ ሳንባዬን ማየት ነበረባት።

«የድሮ ቲቢ ነው፣ ጋሼ። ሴሎቹ ከበው ዘግተውበታል። መርፌው እነሱን ካደከመ ግን ሊነሳ ይችላል።» ለወራት የሚዋጥ መከላከያ ክኒን ጻፈችልኝ። «ከቲቢ ታማሚ ጋር ኖረው ያውቃሉ?»

«አላስታውስም» አልኳት። ዋሸሁ።

ቡታጅራ የባዮሎጂ መምህር ሆኜ ስመደብ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጥቂት መጻሕፍት አንብቤ ስለነበር የማላውቀው ነገር አለ ብዬ አልጠረጥርም። አንድ ክፍል የምንጋራው ሸምሱ ልብስ ሰፊ ነው፤ ቤተሰቦቹ መስቃን ገጠር ይኖራሉ። ቲቢ ይዞት በየማለዳው ጤና ጣቢያ እየሄደ ነርሷ ፊት ክኒን ይውጥ ነበር። በሁለት ወሩ ሳሉ ጠፋ። አረፋም ደረሰ፤ ለአረፋ አገር ቤት ሲገባ ሽማግሌ ሊላክለት ነው።

«ክኒን እንደምውጥ ከሰሙ ልጅቷን አይሰጡኝም፣ ወላሂ። እስቲ ቲቸር፣ አሁን ድኜ የለ?»

አላውቅም ማለት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ልብስ የሚያሰምርበትን ጠመኔ ተቀብዬ፣ ለሠርጉ ባስቀመጠው ጥቁር ሱፍ ላይ ክብ ሳልኩ። «ይሄ ጀርሙ ነው። ነጭ ሴሎች ይውጡታል። መግደል ሲያቅታቸው ተደራርበው ግድግዳ ይሆኑበታል።»

«እንደ ቆጮ ጉድጓድ? በኮባ ጠቅልለን፣ ድንጋይ ጭነን እንደምንተወው?»

«ልክ እንደሱ።»

«በቃ፣ ተከድኗላ!» ብሎ ሳቀ። በማግስቱ ጤና ጣቢያ አልሄደም።

ለአረፋ አብሬው ወረድኩ። የበልግ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶት ነበር። ለክትፎው ቆጮ ሲፈለግ እናቱ ጉድጓዱን ከፈቱ፤ ኮምጣጣው ሽታ ጓሮውን ሞላው። የጠቆረውን ኮባ እያወጡ አዲስ ማንጠፍ ሲጀምሩ፣

«የተከደነውን ለምን ይነካኩታል?» አልኳቸው።

«ኮባው ይበሰብሳላ፣ ልጄ! ውስጡ ያለው ሲፈላ ነው የሚከርመው። ዝም ስላለ የተኛ መሰለህ?»

ከኋላዬ ሸምሱን ሳል ያዘው። «ጭሱ ነው» አለ። ጭስ አልነበረም።

ያን ጊዜ እጁን ይዤ ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ እችል ነበር። ግን ተሳስቻለሁ ማለት ሊመጣብኝ ነው። ስለዚህ ክትፎዬን በላሁ። ልጅቷን ሰጡት። ክረምት ሲገባ ደም ማሳል ጀመረ፤ ክኒኑን መልሶ ቢጀምረውም አልሠራም። ሱፉ ሳይሰፋ ሸምሱን ቀበርነው። የጠመኔው ክብ አልተራገፈም ነበር።

ከሐኪሟ ክፍል ወጥቼ በር ላይ ቆምኩ። ስለ ሴሎች ያን ያህል ያወራሁት ሰውዬ፣ የራሴዎቹ ከሸምሱ ጋር ከኖርኩባት ክፍል ያመጣሁትን ይዘው ሃያ አምስት ዓመት ዘብ ሲቆሙ አላወቅኩም። አሁን በመርፌ ላሰናብታቸው ነው። ተመልሼ ገባሁ።

«ዋሽቼሻለሁ። አብሬው የኖርኩት የቲቢ ታማሚ ነበር።»

«ሕክምናውን ጨርሶ ነበር?»

«አልጨረሰም። ያስቆምኩት እኔ ነኝ። በኋላ ክኒኑ እምቢ አለው።»

«የእሱ ጀርም ክኒኑን ከለመደ፣ የእርስዎም ይሄኛውን እምቢ ሊል ይችላል» አለች። የጻፈችልኝን ማዘዣ ከእጄ ወስዳ ቀደደችው፤ ራጁንም እንደገና ወደ መስኮቱ አነሳች።