ተነጥፎ የሚጠብቅ አልጋ

ወንድሜ በር ላይ መቆም ይወዳል። አይገባ፣ አይወጣ፤ ትከሻውን መቃኑ ላይ ደገፍ አድርጎ፣ ዓይኑን አንድ ነገር ላይ ጥሎ፣ ነገር ዓለሙን ረስቶ ይቆማል። ልጆች ሳለን እማዬ «ወይ ግባ፣ ወይ ውጣ፣ ብርድ አታስገባብኝ!» ስትለው «እሺ» ይልና እዚያው ይቀራል። ያኔ «ደመና» ብለን ያወጣንለት ስም እስከ ዛሬ አለ። እኔ ታላቄ ስለሆነ ጋሼ ነው የምለው፤ ደመና የሚሆነው ሲያናድደኝ ብቻ ነው። መቼም ሳያናድደኝ የዋለበት ቀን ጥቂት ነው።

ይኸው መቆም መተዳደሪያው ሆነለት ብል ማን ያምነኛል? ቢዝነስ አናሊስት ነው። ሰው ሥራው ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቃት እማዬ፣ ያኔ ገና ነገር ሳይጠፋባት፣ «ልጄ ደሞዝ የሚከፈለው ለምን፣ ለምን እያለ ለመጠየቅ ነው፤ እኔን በነጻ ሲያደርቀኝ ኖሮ!» ትል ነበር። ለእኔ ያስረዳኝ በራሴ ሙያ ነው። እኔ ልብስ አስተካካይ ነኝ። ሰው ከሱቅ የገዛውን ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ያመጣልኛል፤ እኔ አሳጥራለሁ፣ አጠባለሁ።

«መሥሪያ ቤቶችም እንደዚሁ ተሠርቶ ያለቀ ፕሮግራም ይገዛሉ» አለኝ። «በእነሱ ልክ አልተሰፋም። እኔ መሐል እቆማለሁ። ሰዎቹ ሥራቸውን እንዴት እንደሚሠሩ አያለሁ፤ ፕሮግራሙ ደግሞ እንዴት እንዲሠሩለት እንደሚፈልግ አያለሁ፤ የማይገጥመው የቱ ጋ እንደሆነ እናገራለሁ። ከዚያ ወይ ልብሱ ይስተካከላል፣ ወይ ሰውየው።»

«ሰውየው ደግሞ እንዴት ነው የሚስተካከለው? ክንዱ ይቆረጣል?»

«አንዳንዴ እኮ ይቆርጣሉ» አለና መስኮቱን ማየት ጀመረ።

እማዬ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖረው። ትዝታዋ ቀስ በቀስ ትቷት እየሄደ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በመጋረጃው አልፋ ወለሉ ላይ ስትተኛ፣ እማዬ ያንን ብርሃን ላለመርገጥ ዙሪያውን ትሄዳለች፤ ውሃ ነው ትላለች። ቀሚሷን በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ፣ በዳር በዳሩ፣ ፈገግ እንዳለች። ሥራዬን ትቼ አያታለሁ፤ አንዳንዴ እኔም ውሃ ይመስለኝ ጀመር። እኔን አንድ ጊዜ በእህቷ ስም ትጠራኛለች፣ አንድ ጊዜ «የኔ እመቤት፣ ሰፊዋ አንቺ ነሽ?» ትለኛለች። ነግቶ እስኪመሽ የምትጠይቀኝ ግን አንድ ጥያቄ ነበር።

«አልጋዬስ?»

«ይኸውልሽ እማዬ፣ ይኸው አልጋሽ።»

በእጇ ዳበስ ታደርገውና «የኔ አይደለም። የኔ ተነጥፎ ነው የሚጠብቀኝ» ትላለች። ተነጥፏል እኮ! እገፈዋለሁ፣ እንደገና አነጥፋለሁ፤ አሁንም የኔ አይደለም ትላለች።

ስፌቱማ ቀረ ማለት ይቻላል። መኪናው ላይ በተቀመጥኩ ቁጥር ወይ ክሩን ትመዝዛለች ወይ በሩን ትከፍታለች። አንድ ቀን የሰው ካፖርት ገበር ስሰፋ ቆይቼ ቀና ብል የለችም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። በባዶ እግሬ ሰፈሩን ሳካልል ቆይቼ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት፤ ጫማዋን አውልቃ፣ ጎኗ አስተካክላ ደርድራ። «ወደ ቤቴ ልሄድ ነው፣ አንቺም ነይ» አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ሳታውቅ እንባዬን በመዳፏ ጠረገችልኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ከከተማው ዳር ያለው የአረጋውያን ማዕከል ተራ ያስያዝንላት። እዚያ ቀን ከሌት የሚጠብቃት ሰው አለ፤ በሩም ዝም ብሎ አይከፈትም። ተራው ግን ረጅም ነው። እኔ በዚያ ተራ ነበር የምተነፍሰው።

ይህ ማዕከል ነው እንግዲህ ነዋሪና አልጋ የሚመዘግብ ፕሮግራም የገዛው፤ ወንድሜን መሥሪያ ቤቱ የላከውም እዚያ ነው። የመጀመሪያው ቀን ዳይሬክተሯ ቢሮ ገብቶ «እናቴ እዚህ ተራ እየጠበቀች ነው፤ እንዲያውቁት ብዬ ነው» አላቸው። እሳቸውም «የዚህ ከተማ ሰው ግማሹ ተራ ጠባቂ ነው፤ ሥራህን ሥራ» አሉት።

ሥራው በር ላይ መቆም አይደል? ቆመ። ኮሪደሩ ረጅም ነው፤ በሁለቱም በኩል መስኮት አለው፤ ነፋስ ሲገባ ነጫጭ መጋረጃዎቹ በአንድ ላይ ይነሱና በአንድ ላይ ይወርዳሉ። አንዲት ሬዲዮ የሆነ ቦታ ዝቅ ብላ ታወራለች። ሽማግሌዎቹ ወንበራቸው ላይ ያንቀላፋሉ፤ ነቅተው ይጠሩታል፤ በልጃቸው ስም፣ በወንድማቸው ስም። እሱም ለሁሉም «አቤት» ይላል። «ጋሼ፣ ለምን አይደለሁም አትልም?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ለጊዜው ብሆንላቸው ምን ይጎድልብኛል?» አለኝ።

ተንከባካቢዎቹን የሚመሩት አንዲት ሴት ናቸው፤ ወገባቸው ላይ በሚንሿሿው ነገር የተነሳ ሁሉም እትዬ ቁልፍ ይላቸዋል። ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚገቡት አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሠሪ ከሚስታቸው ጋር የሚኖሩበት ክፍል ነው። ሰዓት ሠሪው ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ከገቡ ሰንብተዋል። እትዬ ቁልፍ ማንም ያልተኛበትን አልጋ ገፈው እንደገና ያነጥፋሉ፤ ትራሱን መታ መታ ያደርጋሉ፤ የሰውየውን ኩባያ አጥበው ቦታው ይመልሳሉ፤ የጠረጴዛ ሰዓቱን ይሞላሉ።

«ለምን?» አላቸው ወንድሜ። መቼም ሌላ ቃል አያውቅም።

«ሚስትየው አልጋው ተነጥፎ ካላዩ ቁርስ አይቀምሱም» አሉት። «እሳቸውም ቢሆኑ፣ ጥየቃ ሄጄ አልጋዎ ተነጥፏል ስላቸው ፊታቸው ይበራል። የሚመለስበት የሌለው ሰው ምን ብሎ ይድናል ልጄ?»

ይህን የመሰለ ነገር በየትኛውም መመሪያ ላይ የለም። ራሳቸው ሴቶቹም ሥራ ነው ብለው አይቆጥሩትም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ ሲመረጥ «ምን ምን ትሠራላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ ማንም አላነሳውም። እንደ ወንድሜ በር ላይ የሚገተር ሰው ካልሆነ ማን ያየዋል?

የሙከራው ቀን ደረሰ። የሻጩ ድርጅት ሰው ክራቫቱን አስሮ መጣ፤ ሁሉም ስክሪኑ ፊት ተሰበሰቡ። ለምሳሌ እንዲሆን ሰዓት ሠሪውን መዘገቡ፤ «ሆስፒታል ገብተዋል» ብለው ቁልፉን ተጫኑ። ፕሮግራሙ ሆስፒታልን የሚያውቀው ስንብት በሚለው ሥር ነው፤ የሄደ ሄደ። አልጋው ወዲያው አረንጓዴ ሆነ፤ ክፍት ነው ማለት ነው። ከሥሩ ደግሞ ተራ የደረሰው ሰው ስም ብቅ አለ።

«አያችሁ?» አለ የሻጩ ሰው እጁን እያፋተገ። «አልጋ ባዶውን አያድርም! ስንት ቤተሰብ ይገላገላል!»

እውነቱን ነው። ብቅ ያለው የእማዬ ስም ነበር።

ወንድሜ ሰዉ ሲበተን ዳይሬክተሯን «ያቺ እናቴ ናት፤ ይህን ጉዳይ ሌላ ሰው ይየው» አላቸው። «ሌላ ሰው ከየት ላምጣ?» አሉት። «የማይገጥመው የቱ ጋ እንደሆነ ንገረኝ፣ የምወስነው እኔ ነኝ። ግን ፕሮግራሙን ቀድዳችሁ እንድትሰፉት አልፈልግም። የተቀደደ ነገር እድሳት በመጣ ቁጥር ይተረተርብናል።»

አመሻሹ ላይ ቤት መጣ። እማዬ ሶፋው ላይ የቁራጭ ጨርቅ ከረጢቴን ታቅፋ ተቀምጣለች። ነገሩን ሲጀምርልኝ ዘልዬ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

«አልጋ አገኘች በለኛ!»

«ፕሮግራሙ እንደተገዛ ከቀጠለ፣ አዎ።»

«ምን ማለት ነው ከቀጠለ? ለምን አይቀጥልም?»

የሰዓት ሠሪውንና የሚስትየውን ነገር አወራኝ። እየሰማሁ ደሜ ፈላ።

«ደመና! አንተ ሰው ነህ? ለሰው ባል አልጋ ስታስነጥፍ የናትህ ነገር አልታየህም? አውቶቡስ ማቆሚያ ላይ ሳገኛት አንተ የት ነበርክ? የሰው በር ላይ ቆመህ ነበር! ዋሽ አላልኩህም። ዝም በል ነው የምልህ። ዝም ማለት ምን ያቅትሃል? ዕድሜህን ሙሉ ዝም ስትል አልነበር?»

«ዝም ካልኩ ሥራዬን አልሠራሁም» አለ ቀስ ብሎ።

«ሥራህ ገደል ይግባ!» ብዬ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት።

«አትጣሉ ልጆች፣ አባታችሁ ይሰማል» አለች እማዬ ከሶፋው። አባታችን ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሁለታችንም፣ እውነት የሚሰማ ይመስል፣ ድምፃችንን ዝቅ አደረግን።

«ፕሮግራሙ ሁለት መውጫ አለው» አለ ወንድሜ በሹክሹክታ። «አንደኛው ስንብት ነው። ሁለተኛው ዘመድ ጥየቃ ወጥቶ ለሚመለስ ሰው ነው፤ አልጋውን ይዞ ይጠብቃል። ሆስፒታልን ካንደኛው አንስቶ ወደ ሁለተኛው ማዞር ብቻ ነው። መቀደድም መስፋትም የለውም።»

«ታዲያ ለምን ነገርከኝ? አድርገኸው አትመጣም ነበር?»

«ካንቺ ተደብቄ አላደርገውም።»

ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ይሄ ደግሞ ጭራሽ አናደደኝ፤ ያለቅስልኛል እንዴ? ማን ነው ማልቀስ ያለበት?

በነጋታው ሄዶ ተናገረ። ዳይሬክተሯ እስከ መጨረሻው ሰሙትና «ተራ ጠባቂዎቹስ?» አሉት።

«ይቆያሉ» አላቸው። «አንዷ እኛ ቤት አለች።»

እሺ አሉ፤ አንድ ነገር ግን ጨመሩ። አልጋው ቀን ቆጥሮ ራሱ እንዳይለቀቅ፤ ቤተሰቡና ተንከባካቢዋ ተነጋግረው፣ ሰው በእጁ ይልቀቀው አሉ። እንዲሁ ሆነ። ሰዓት ሠሪው ከጊዜ በኋላ በሰው ትከሻ ተደግፈው ተመለሱ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሰዓቱን ወደ ጆሯቸው ጠጋ አድርገው ብዙ አዳመጡት አሉ፤ ሚስትየው ደግሞ «ቆየህ» አሏቸው፣ በቃ ሌላ ምንም። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ እኔ የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር፤ ቀና አላልኩም።

እሱ ግን በዚያው ሳምንት ፍራሹን ተሸክሞ መጣና እማዬ ክፍል ዘረጋ። ኮምፒውተሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እዚያው ይሠራል፤ ወደ መሥሪያ ቤት የሚሄደው ሲጠሩት ብቻ ሆነ። እኔም ወደ ስፌቴ ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ቀና ስል እናትና ልጅ በር ላይ ጎን ለጎን ቆመው አያቸዋለሁ፤ አንዱ ሲያዘም ሌላዋ ታዘማለች፤ መንገዱን ያያሉ፣ ምን እንደሚያዩ እግዜር ይወቅ። እሱም ወለሉ ላይ ያለውን ውሃ መዞር ጀመረ፤ ሱሪውን ሰብስቦ፣ በዳር በዳሩ፣ ከኋላዋ። ሳቄ መጥቶ አፌን በጨርቅ እይዛለሁ። ጋሼ ግን አልኩት? አላልኩትም።

ዝናቡ አልፎ፣ ብርዱም መጥቶ ሄዶ፣ በመጨረሻ ተራዋ ደረሰ። እማዬ ማዕከሉ ገባች። መስኮቱ አጠገብ ያለው አልጋ ደረሳት። እትዬ ቁልፍ አንሶላውን ወጥረው፣ ትራሱን መታ መታ አድርገው «የርስዎ ነው» ሲሏት ዳበስ አደረገችውና ምንም ሳትል ተቀመጠችበት። እኔ ስንት ጊዜ አንጥፌ እንዳልተቀበለችኝ እያሰብኩ ቀናሁ፤ ግን ደስ አለኝ።

ብዙም ሳትቆይ ታመመች። ትኩሳት ነው ሲሉ የሳንባ ምች ሆነና ሆስፒታል ገባች። አፏና አፍንጫዋ ላይ መተንፈሻ አድርገውላት፣ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ፣ መዳፌን ይዛ መተንፈሻውን በሌላ እጇ ገለጥ አደረገችው።

«አልጋዬስ?»

አልጋው ተይዞላት እንደሚቆይ እያወቅሁ፣ «ልብስሽን ላምጣልሽ» ብዬ ወጣሁ።

ማዕከሉ ስደርስ ኮሪደሩ ውስጥ መጋረጃዎቹ ተነስተው ይወርዳሉ። ክፍሏ ገባሁ። አልጋው ተነጥፏል። አንሶላው አንዲት መስመር የለበትም። ኩባያዋ ታጥባ ቦታዋ ላይ ናት፤ ጫማዋ ከአልጋው ሥር፣ ያኔ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ እንዳስቀመጠችው፣ ጎን ለጎን ተደርድሯል። ልብሷን ለመሰብሰብ የያዝኩትን ከረጢት ስዘረጋ እትዬ ቁልፍ ከኋላዬ «ምን ልታደርጊ ነው?» አሉኝ። «አንድ ቅያሪ ውሰጂ፣ ይበቃል። ሌላውን ስትመጣ ትለብሰዋለች።» መቃኑን ይዤ በር ላይ ቀረሁ።

ስወጣ እንግዳ መቀበያው ጋ አንዲት ሴት አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯን ሳታበጥር ነው የወጣችው፤ ሹራቧን ገልብጣ ለብሳዋለች። የአባቷን ክንድ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች፤ ሰውየው በሩን በሩን ያያል። መዝጋቢዋን «አንዲት እንኳ ክፍት የለም?» ትላታለች። «መስኮቱ አጠገብ ያለው ባዶ ነው ብለውኝ ነው የመጣሁት።»

«ተይዟል እህቴ» አለቻት መዝጋቢዋ።

ሴትየዋ ዞራ እጄ ላይ ያለውን ልብስ አየች። ገባት።

«ያንቺ ሰው ናቸው?»

«እናቴ ናት» አልኩ።

«ይመለሳሉ?»

ዓይን ለዓይን ተያየን። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ፤ መስታወት ውስጥ ስንቴ አይቼዋለሁ። እንዴት እንደሚርባት፣ እንዴት እንቅልፍ እንዳጣች፣ በሩ ሲከፈት ልቧ እንዴት እንደሚቆም አውቃለሁ። እማዬ ብትሞት ኖሮ አልጋው የአባቷ ነበር።

«ትመለሳለች» አልኩ።

አባቷን ወደ ራሷ ሳብ አደረገችው። ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ «እግዜር ይማርልሽ» አለችኝ።

ያቺ ቃል ካፏ እስክትወጣ ምን ያህል እንደከበደቻት ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እጇን ያዝኩና አድራሻዬን ሰጠኋት፤ «ሥራ ሲኖርብሽ አባባን እኔ ጋ አምጫቸው፣ እኔ ቤት ነው የምውለው» አልኳት። መንገድ ላይ ስልኬን አወጣሁ። ሲያነሳው «ጋሼ» አልኩት። እሱም «አቤት» አለ።

እማዬ እንዳየችኝ መተንፈሻውን ገለጠችው። እኔ ቀደምኳት።

«ተነጥፏል እማዬ» አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ተኛች።