ደሜ እስኪረጋ

በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ቁይ ከተማ አጠገብ ዜማ እማር ነበር። ቶንሲሌ በየወሩ እያበጠ ድምፄን ይዘጋዋል። አንድ ቀን የኔታ ጠርተው፣ «ድምፅህ ካልተመለሰ ዜማውን ትተህ ቅኔ ቤት ግባ» አሉኝ። እኔ ደግሞ ከዜማ በቀር የምወደው የለም። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ቶንሲል ይቆረጣል ሲባል የሰማሁ ለት እናቴን አስነሥቼ መንገድ ገባሁ። ሌላው ሰው ቢላዋ ይፈራል፤ እኔ ግን ሠርግ የተጠራሁ ያህል ቸኮልኩ።

ሐኪም ቤቱ ወዲያው አይቆርጥም። መጀመሪያ ደም፣ ሽንት፣ ሰገራ፣ ራጂ። በደረስኩበት ቀን ተቆርጬ የምመለስ መስሎኝ ነበርና ተናደድኩ። ንዴቴ ግን ግማሽ ቀን አልቆየም። ምርመራውን እንደ ፈተና ቆጠርኩት፤ ፈተና ደግሞ እወዳለሁ። ሰገራዬን በክብሪት ቀፎ ይዤ ስሄድ እንኳ አላፈርኩም፤ ይልቅ ወረፋ የያዘውን ሁሉ «አንተስ አመጣህ?» እያልኩ አስቸገርኩ። ራጂ ክፍል ደረቴን ብረቱ ላይ ለጥፌ ትንፋሼን እንድይዝ ሲነግሩኝ፣ የዜማ ሰው መሆኔን ላሳያቸው ብዬ ልቀቅ ካሉኝ በኋላም አልለቀቅሁም። ባለ ራጂው ደንግጦ ሊያየኝ ወጣ።

በሦስተኛው ቀን ወረቀቶቹ ሁሉ ደህና ሆነው መጡ። ፈተናውን አለፍኩ ብዬ ፈነጠዝኩ።

ሐኪሙ ወረቀቶቹን አገላብጦ ሲያበቃ አፌን በባትሪ አየና፣ «እንጥልህ አልተቆረጠም እንዴ?» አለኝ። አልተቆረጠም። በኛ አገር የልጅ እንጥል በሕፃንነቱ ይቆረጣል፤ ከሰፈሩ ልጆች ያልተቆረጠልኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጉሮሮዬን ባመመኝ ቁጥር ጎረቤቱ እናቴን ይወቅሳታል። እውነቱን ለመናገር እኔም እወቅሳት ነበር።

«ለምን ሳያስቆርጡለት ቀሩ?» ብሎ ሐኪሙ እናቴን ጠየቃት።

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። «ከሱ በላይ ወንድ ልጅ ነበረኝ፣ ጌታዬ። እንጥሉን ባስቆርጠው ደሙ አልቆም ብሎ በሦስተኛው ቀን ሞተብኝ።»

ወንድም እንደ ነበረኝ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ሐኪሙ ወረቀቶቹን ወደ ጎን ገፋ አደረጋቸው። ከክንዴ ደም ቀድቶ በጠባብ የመስተዋት ቱቦ ጨመረና፣ ሰዓቱን እያየ በየደቂቃው ያጋድለው ጀመር። እንደ ወንድሜ ደም አልረጋ ካለ ቢላዋው አይነካኝም፤ ድምፄም በዚያው መቅረቱ ነው። የሚገርመው፣ የወንድሜን አሟሟት ሰምቼም ጉጉቴ አልበረደም። በሆዴ «ርጋ፣ ርጋ» እላለሁ። ደሙ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይፈሳል። ቆይቶ ቀስ አለ። በመጨረሻ ሐኪሙ ቱቦውን ዘቅዝቆ ያዘው፤ ደሙ ንቅንቅ አላለም።

«ረግቷል። ነገ ጠዋት ቶንሲልህን እናወጣልሃለን» አለ።

ከወንበሬ ብድግ ብዬ እየሳቅሁ ወደ እናቴ ዞርኩ። እሷ ቱቦውን ነበር የምታየው።

«ይሄኔ ሃያ አንድ ዓመት ይሆነው ነበር» አለች።