የግብር ወረፋ ወዳጅ

እናቴ አዳማ ገበያ ውስጥ ብርድ ልብስና ፍራሽ ትሸጣለች። ሐምሌ በገባ ቁጥር ግብር የምትከፍልበትን ቀን እንደ ዓመት በዓል ነበር የምታየው። በጠዋት ባንክ ሄዳ ሲፒኦ ታሠራለች፤ ቼኩ ዝናብ እንዳይነካው በፌስታል ጠቅልላ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ሽቶ ነካ አድርጋ ወደ ግብር ቢሮ ትሄዳለች። የምትመለሰው አመሻሽ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ወረፋ ስትጠብቅ የዋለች ሴት አትመስልም፤ እየሳቀች ነበር የምትገባው።

ሳቁን ያመጡት ወዳጇ ነበሩ። ከአዳማ ወጣ ብላ ያለችው የደራ ከተማ ሰው ናቸው፤ እዚሁ አዳማ እህል ተራ መጋዘን አላቸው። ክረምት ሲገባ መጋዘኑን ዘግተው ወደ እርሻቸው ይመለሱና ለግብር ብቻ ብቅ ይላሉ። በየዓመቱ በአንድ ቀን ተቃጥረው ይመጣሉ፤ ቀድማ የደረሰች ለሌላዋ ወረፋ ትይዛለች። አግዳሚው ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ቆሎ እየቆረጠሙ የዓመቱን ያወራሉ። አባቴ የሞተ ጊዜ እናቴ በእኛ ፊት ጠንክራ ከርማ፣ እስኪወጣላት ያለቀሰችው እዚያ ወንበር ላይ፣ በእኚህ ሴት ትከሻ ላይ ነው። ኋላ ነው የነገረችኝ። የሚገርመው ስልክ እንኳ ተለዋውጠው አያውቁም። "ምን ያደርግልናል? ሐምሌ እንደሆነ መምጣቱ አይቀር" ትል ነበር።

ከዚያ ግብር በስልክ መከፈል ጀመረ። ሱቋ ውስጥ ቁጭ ብለን አሳየኋት። የሚስጥር ቁጥሯን ራሷ አስገባች፤ ስልኩ ጢው አለ።

"አለቀ?" አለችኝ።

"አለቀ፣ እማ። ደረሰኙም ይኸው።"

ስልኩን አገላብጣ አየችው። "ጎሽ፣ ጥሩ ነው" አለች። ፊቷ ግን ጥሩ ነው አላለም።

በማግስቱ ነጠላዋን ለብሳ አገኘኋት።

"ወዴት ነው?"

"ግብር ቢሮ።"

"ትናንት ከፈልሽ እኮ!"

"መክፈሉንማ ከፍያለሁ። እሷ ብትመጣስ? ብቻዋን ትቀመጥ?"

ተከትያት ሄድኩ። አዳራሹ ጭር ብሏል። ጥበቃው ቀረብ ብሎ "እናቴ፣ ዘንድሮ ሁሉም በስልክ ሆኗል፤ ባይደክሙ ጥሩ ነበር" አላት። ስለ ወዳጇ ጠየቀችው። "የደራዋ እናት? አልመጡም" አለ። እስከ ምሳ ሰዓት ጠበቀችና ድንገት ብድግ አለች።

"ተነሺ፣ መናኸሪያ እንሂድ።"

ደራ ስንደርስ ያካፋ ነበር። ገበያው ላይ አዳማ የእህል መጋዘን ያላቸውን ሴት ብለን ጠየቅን፤ አንድ የባጃጅ ሹፌር ያውቃቸው ኖሮ እደጃቸው አደረሰን። ወዳጇ በረንዳ ላይ እግራቸውን ዱካ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ጉልበታቸውን አሟቸው ከርሟል። እናቴን ሲያዩ ሊነሱ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም፤ እጃቸውን ብቻ ዘረጉ።

"አካም ጂርታ፣ እንዴት ነሽ፣ የኔ እህት!"

"እኔስ ፈያ ነኝ፣ ደኅና ነኝ። አንቺ ምን ሆነሽ ቀረሽብኝ?"

ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወዳጇ ዓይናቸውን ጠራርገው "ግብሬን አልከፈልኩም። በዚህ እግሬ አዳማ እንዴት እደርሳለሁ እያልኩ ስጨነቅ ነው የመጣሽልኝ" አሉ።

ስልካቸውን ልቀበል እጄን ስዘረጋ እናቴ በዓይኗ መለሰችኝ። መነጽሯን አድርጋ ተጠጋቻቸው። "አምጪ፣ እኔ አሳይሻለሁ" አለች። ትናንት የተማረችውን፣ እንደ ጥንት አዋቂ እየተዝናናች፣ አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። ሲቸግራት ብቻ ወደ እኔ ቀና ትላለች፤ እኔም በአገጬ እጠቁማታለሁ። ስልኩ ሲጮህ ሁለቱም እንደ ልጃገረድ ተንከተከቱ።

ወዳጇ ግን ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ጠየቁ። "ታዲያ ከእንግዲህ ምን ያገናኘናል?"

"እኔ እግር የለኝም?" አለች እናቴ። "ወረፋው ቢቀር ወንበሩ አንቺ በረንዳ ላይ አለ።"

ያን ዕለት እዚያው አደርን። አሁን እናቴ ሐምሌ ሲገባ ግብሯን ሱቋ ውስጥ ትከፍልና በማግስቱ ደራ ትሄዳለች። ባለፈው ለጉልበታቸው ወፍራም ብርድ ልብስ ወሰደችላቸው፤ እሳቸውም አንድ ጆንያ ስንዴ አሸክመው ላኳት። ስልክ ተለዋውጠዋል። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደዋወላሉ፤ ማን ምን እንደሚል ባልሰማም የእናቴ ሳቅ እስከ ጎረቤት ይሰማል።